ስሜትን በ«ኝ»፣ ሥራን በ«ኩ»፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከራስ ጋር የመቀመጥ መመሪያ

ይህን የጻፍኩት ውስጡ ዕረፍት ላጣ ሰው ነው። ሥራው እየሄደ፣ ቤቱ ሰላም ሆኖ፣ ጸሎቱንም ሳያቋርጥ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቶ አጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ለሚከራከር። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ በዱቤ ብዙ ዕቃ ወሰደና ካደኝ። ገንዘቡ ቀስ በቀስ ተተካ፤ ሰውየው ግን ከውስጤ አልወጣም። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ እከስሰዋለሁ፤ ቡና እየጠጣሁ እከስሰዋለሁ፤ ቅዳሴ ቆሜ እከስሰዋለሁ። ማንም አላሰረኝም፤ ግን ነፃ ሰው አልነበርኩም።

ከዚያ የወጣሁበትን መንገድ እንደሄድኩበት አድርጌ አስቀምጣለሁ። 40 ቀን ይወስዳል፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ትንሽ ደብተር፣ እስክሪብቶና ጋቢ ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ማሳሰቢያ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስበት፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ወይም ከባድ ነገር ደርሶበት ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያ ነገር የሚመለስበት ሰው ይህን ብቻውን አይጀምር። ለእንዲህ ያለው ሰው ዝምታው ራሱ ሸክም ይሆንበታል። መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ቤተሰቡም አብሮት ይሁን። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ የተጨነቀ ወዳጄን «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ብዬ መክሬ አውቃለሁ፤ ባልመከርኩት።

ቦታና ሰዓት

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለውን ጊዜ ምረጡ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቀኑ ቢሞቅም ንጋቱ ይበርዳል፣ ጋቢው ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ገና ነፋስ አልነካውም። ከሰዓት በኋላ ውኃው ይናወጣል፣ ዳሩም በሰው ይሞላል። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር በኩል የሚሮጡና የሚራመዱ ሰዎች አይጠፉም፤ ጥቂት ራቅ ብላችሁ ጀርባችሁን ለመንገዱ ከሰጣችሁ ይበቃል። አሞራ ገደልን ለጊዜው ተዉት፤ ዓሣ የሚያወርዱ ጀልባዎች፣ ፍርፋሪ የሚጠብቁ አባ ኮዳዎች፣ ምግብ የሚነጥቁ ጦጣዎች ያሉበት ነው። ኋላ እንመለስበታለን።

ምሽትን አትምረጡ። ትንኝ አለ፣ ወባም አለ፤ ሸንበቆ በበዛበት ዳር ደግሞ ጉማሬ ሊወጣ ይችላል። እግራችሁንም ውኃው ውስጥ አትንከሩ፤ የቢልሃርዚያ ትል አለበት።

ሐይቁ የራቃችሁ፣ በተለይ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የምትሠሩ፣ ቤታችሁ በር ላይ በርጩማ አውጥታችሁ ብትቀመጡም ያው ነው። ስልኩ ግን ቤት ይቅር።

አንደኛ፦ መቀመጥና መተንፈስ (ከ1ኛው እስከ 7ኛው ቀን)

ወገባችሁን አቅንታችሁ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አኑሩ፣ ዓይናችሁን ገርበብ አድርጉ። ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ልብ በሉ። ነፍስ፣ ነፋስ፣ መተንፈስ የአንድ ሥር ቃላት ናቸው፤ ስለዚህ ስለ ነፍስ የሚጠይቅ ሰው ከትንፋሹ ቢጀምር ከቤቱ ደጃፍ ጀመረ ማለት ነው።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሐሳብ ይመጣል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የትናንት ንግግር፣ የቤት ኪራይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እኔ አልችልም» ብሎ ይነሣል፤ ምክንያቱም ሐሳብን ማስወጣት አለብኝ ብሎ ያምናል። ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሐይቅ ተመልከቱ። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውኃው የሚቀንሰው በትነትና መሬት ውስጥ በመስረግ ነው። እንደዚያም ሆኖ እንደ ጎረቤቱ እንደ ሻላ ጨዋማ አልሆነም፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦች ይኖሩበታል። ለሐሳባችሁም በር አትፈልጉለት። መጣ፣ አያችሁት፣ ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ። በ20 ደቂቃ ውስጥ መቶ ጊዜ ብትመለሱ መቶ ጊዜ ሠራችሁ ማለት ነው።

በዚህ ሳምንት ምንም አትጻፉ።

ሁለተኛ፦ አነጋገራችሁን አዳምጡ (ከ8ኛው እስከ 21ኛው ቀን)

የመመሪያው እምብርት ይህ ስለሆነ አልቸኩልም።

አማርኛ ስለ ሰው ውስጥ የሚናገርበት መንገድ ሁለት ነው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ፣ ደስ አለኝ እንላለን። በእነዚህ ሁሉ አድራጊው እኔ አይደለሁም። «ጨነቀኝ» ስል የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ እኔ መጨረሻ ላይ ባለችው «ኝ» ውስጥ ተቀባይ ሆኜ ተቀምጫለሁ። አስተያየታችንን እንኳ «መሰለኝ» ብለን ነው የምናቀርበው። «ራሴን አመመኝ» የሚለውን ደግሞ አስቡት፤ ራሴ የተባለው በአንድ ወገን፣ የሚያመው «ኝ» በሌላ ወገን ሆነው ይገኛሉ። አያቶቻችን ይህን ቋንቋ ሲያቀብሉን ስሜቱና ስሜቱ የደረሰበት ሰው አንድ አለመሆናቸውን አብረው አቀብለውናል። በቀን ስንት ጊዜ እንናገረዋለን፤ አንሰማውም።

ሌላው ወገን በ«ኩ» ወይም በ«ሁ» የሚያልቀው ነው። ሄድኩ፣ ሸጥኩ፣ ሰደብኩ፣ መታሁ። እዚህ አድራጊው እኔው ነኝ፤ ማንም አይጋራኝም።

ጣጣው የሚመጣው አንዳንድ ስሜቶች ወደዚህኛው ወገን ስለተሻገሩ ነው። ተናደድኩ፣ ቀናሁ፣ ፈራሁ፣ ጠላሁ። እኔን እንደ ገመድ ያሰሩኝ እነዚህ አራቱ ነበሩ። እንደ ሥራ ስለተነገሩ ሥራዬ ይመስሉኛል፤ ሥራዬ ከመሰሉኝ ደግሞ እጨርሳቸው ዘንድ ግድ ይለኛል። የተናደደ ሰው ንዴቱን «ሳይወጣ» የማይተኛው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ደብተራችሁን ክፈቱና ከተቀመጣችሁ በኋላ እንዲህ አድርጉ። በግራው ገጽ ከትናንት ጀምሮ የተሰማችሁን በ«ኝ» ጻፉ። «ተናደድኩ» ሳይሆን «ንዴት ያዘኝ»፤ «ቀናሁ» ሳይሆን «ቅናት ገባብኝ»፤ «ፈራሁ» ሳይሆን «ፍርሃት መጣብኝ»፤ «ጠላሁት» ሳይሆን «ጥላቻ አደረብኝ»። አታብራሩ፤ ማን እንደጀመረ፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አትጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል። እኔ ስለዚያ ደንበኛ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሱን ሳስብ ጥላቻ ያድርብኛል» ብዬ የጻፍኩ ቀን ደረቴ ላይ ያለው ክብደት አልጠፋም። ግን እስከዚያ ድረስ ውስጡ ነበርኩ፤ ያን ቀን አጠገቡ ቆሜ ያየሁት መሰለኝ። ለውጡ ያ ብቻ ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ትንሽ አልነበረም።

በቀኙ ገጽ ደግሞ ያደረጋችሁትን በ«ኩ» ጻፉ። እዚህ ላይ ልባችሁ ይጠንክር፤ አማርኛችን ከስሜት እንደሚያላቅቀን ሁሉ ከጥፋትም ሊያሸሸን ይችላል። ሰው ሰድበን «አፌ አመለጠኝ» እንላለን። ልጅ መትተን «እጄ ቀደመኝ» እንላለን። ብርጭቆ ሰብረን «ተሰበረ» እንላለን፤ በራሱ ፈቃድ የወደቀ ይመስል። በቀኙ ገጽ እነዚህ ሁሉ ይመለሱ፦ ሰደብኩት፣ መታሁት፣ ሰበርኩት።

የአንድ ቀኔን ገጽ ላሳያችሁ። በግራ፦ «ሱቅ ስከፍት ፍርሃት መጣብኝ። የጎረቤቴ ሱቅ ሞልቶ ሳይ ቅናት ገባብኝ። ከሰዓት በኋላ ድካም ተጫነኝ።» በቀኝ፦ «የጎረቤቴን ሰላምታ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ረዳቴን ደንበኛ ፊት ተቆጣሁት።» ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ሳያቸው ነበር ነገሩ የገባኝ። ቅናቱ ሳልጠራው መጣ፤ ሰላምታውን ያልመለስኩት ግን እኔ ነኝ። የውስጥ ነፃነት የሚባለው ነገር በእነዚያ ሁለት ገጾች መካከል ባለችው ስፌት ላይ ነው ያለው። ከ«ኝ» ወደ «ኩ» የሚያሸጋግር ግድ የለም፤ ሁልጊዜ ጥቂት ቦታ አለ። በባርነት የኖረው የጥንቱ ፈላስፋ ኤፒክቴተስ በእጃችን ያለውንና የሌለውን ለዩ ሲል ያስተማረው ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ እሱ ይህን የተማረው ሰውነቱ የሌላ ሰው ንብረት በነበረበት ጊዜ ነው።

ሁለት ሳምንት የሰጠሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የግራው ገጽ ይረዝማል፣ ቀኙ ባዶ ይሆናል። ጥፋት ስለሌለ አይምሰላችሁ። ታገሡት።

ሦስተኛ፦ ሰዓቱን ለዩ (ከ22ኛው እስከ 25ኛው ቀን)

ይህ አጭር ነው። የግራውን ገጽ መለስ ብላችሁ አንብቡና በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ሰዓቱን አስታውሳችሁ ጻፉ። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ399 ገደማ ያረፈው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ መነኩሴን የሚፈታተኑ ሐሳቦችን ስምንት አድርጎ ቆጥሮ፣ የትኛው መቼ እንደሚመጣና የትኛው የትኛውን እንደሚከተል መመልከት እንደሚገባ አስተምሯል። ስለ ስልቹነት ሲናገር ከ4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት ነፍስን ከብቦ ይይዛል ይላል። ቀንን ከንጋት የሚቆጥረው እንደ እኛ ስለሆነ ማስላት አያስፈልግም፤ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ በር በሩን የማይበት ሰዓት ራሱ ነው።

ሰዓቱን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ስሜቱ በሰዓቱ ሲመጣ እንደ እውነት ሳይሆን እንደ እንግዳ ታዩታላችሁ። የእኔ ንዴት ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሱቅ ስዘጋ፣ ገንዘብ ስቆጥር ነበር የሚመጣው። ካወቅኩ በኋላ ሳልቆጥር በፊት አንድ ስኒ ቡና አስፈልቼ እቀመጣለሁ።

አራተኛ፦ «ለማን?» (ከ26ኛው እስከ 35ኛው ቀን)

አሁን የግራው ገጽ በ«ኝ» ተሞልቷል። ንዴት ያዘኝ፣ ፍርሃት መጣብኝ። ታዲያ ይህ «ኝ» ማን ነው?

መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ። ሰውነቴ ነው እንዳትሉ፣ «ሰውነቴ» ስትሉ የእኔ የምትሉት ነገር ሆኗል። ሐሳቤ፣ ልቤ፣ ነፍሴም እንዲሁ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1896 በደቡብ ሕንድ በማዱራይ ከተማ ኋላ ራማና ማሃርሺ ተብሎ የታወቀ የ16 ዓመት ልጅ ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው። ሐኪም አልጠራም። ወለል ላይ ተጋድሞ እንደ ሬሳ ደረቀና የሚሞተው ምን እንደሆነ ራሱን መረመረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከቤቱ ወጥቶ ወደ አሩናቻላ ተራራ ሄደ፤ በ1950 እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልተመለሰም። ለሚመጡት ሰዎች ደጋግሞ የሚመክረው ሐሳብ ሲነሣ «ለማን ነው የተነሣው?» ብለው እንዲጠይቁ፣ «ለእኔ» ከሆነ ደግሞ «እኔ ማን ነኝ?» እንዲሉ ነበር። ከእሱ 150 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ወደ ውስጡ በተመለከተ ቁጥር ሙቀት ወይ ቅዝቃዜ፣ ፍቅር ወይ ጥላቻ ብቻ እንደሚያገኝ፣ «እኔ» የሚባለውን ነገር ብቻውን ይዞት እንደማያውቅ ጽፏል። አንዱ መንፈሳዊ፣ አንዱ ተጠራጣሪ፤ ሁለቱም እንደ ዕቃ የሚያዝ «እኔ» አላገኙም። ሂዩም ፍለጋውን እዚያ ላይ ተወው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ያላገኘው ራሱ ፈላጊው ስለነበረ ነው፤ ዓይን ሁሉን ያያል፣ ራሱን አያይም።

እናንተም አታገኙትም። ሳታገኙት ስትቀሩ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ ቃሉ ቤታችን ውስጥ ነው። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለን «አለሁ» እንላለን። «ደህና ነኝ» ለማለት አቅም ያጣን ቀን እንኳ «አለሁ» ማለት አያቅተንም። የታመመ ይለዋል፣ ሐዘን ላይ የተቀመጠ ይለዋል፣ ያተረፈም የከሰረም ይለዋል።

እንግዲህ በእነዚህ 10 ቀናት እንዲህ ተቀመጡ። ሐሳብ ሲመጣ በውስጣችሁ «ለማን?» በሉ። «ለእኔ» የሚል ይመጣል። ከዚያ ትንፋሻችሁ ሲወጣ ያለ ድምፅ «አለሁ» በሉና ምንም አትጨምሩበት። «ነጋዴ ሆኜ አለሁ» አይደለም፤ «ተበድዬ አለሁ» አይደለም። «አለሁ» ብቻ። ለጥቂት ቅጽበት ስም፣ ዕድሜ፣ ዕዳ የሌለበት መኖር ይሰማችኋል። ከዚያ ሐሳብ ይመለሳል። እንደገና «ለማን?»

እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ሰው ይህ ከእምነቴ ጋር ይጋጫል ወይ ብሎ ይሠጋል። ሥጋቱን አከብራለሁ፤ እኔንም ይዞኝ ነበር። ያረጋጋኝ በኦሪት ዘፀአት 3፥14 እግዚአብሔር ለሙሴ «ያለና የሚኖር» ብሎ ስሙን የነገረበት ቃል ነው። ያለው እርሱ ነው፤ የእኔ «አለሁ» ከእርሱ የተሰጠኝ ነው። «አለሁ» ስል ራሴን አምላክ አላደረግሁም፤ የተቀበልኩትን መኖር አመሰገንኩ እንጂ። ኦርቶዶክሱ አርምሞ፣ ፕሮቴስታንቱ የጽሞና ጊዜ፣ ሙስሊሙ ራሱን ለመተሳሰብ የሚቀመጥበት ሰዓት አለው፤ ይህን ከዚያ በፊት እንደ መዘጋጃ አድርጉት። በጸሎት ፋንታ ግን አታድርጉት።

አምስተኛ፦ ወደ ጩኸቱ ውሰዱት (ከ36ኛው እስከ 38ኛው ቀን)

አሁን አሞራ ገደል ሂዱ። ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ሴቶችና ወጣቶች ዓሣ ሲገፍፉ፣ ዋጋ ሲከራከሩ፣ ከላይ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ቁሙ። የሚበላ ነገር በእጃችሁ አትያዙ። ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ ማንም እንዳያውቅባችሁ በውስጣችሁ «ለማን?» እና «አለሁ» በሉ። ሰው ቢገፋችሁ ንዴት ይይዛችሁ ይሆናል። ያዛችሁ እንጂ እናንተ ገና ምንም አላደረጋችሁም። ያቺን ጊዜ አስተውሏት።

በሐይቁ ዳር ብቻ የሚገኝ ሰላም የሐይቁ ነው፤ የእናንተ ገና አልሆነም። ቤት ገብታችሁ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ልጅ አልቅሶ፣ ያኔ የሚቀረውን ተመልከቱ።

አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ጥቂት ሰላም ካገኙ በኋላ ያላገኙትን መናቅ ይመጣል። ባለቤቴ ስትጨነቅ «ስሜቱን ተመልከቺው» ማለት ጀምሬ ነበር፤ የሚያስፈልጋት ግን ማዳመጤ ነበር። ቁርኣን ስለ ነፍስ ሲናገር በክፉ የምታዝ ነፍስ፣ ራሷን የምትወቅስ ነፍስ፣ የረጋች ነፍስ ይላል። አንድ ሙስሊም ጎረቤቴ ሦስቱን ሲያስረዳኝ፣ ረግቻለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ወቃሿን ነፍስ ቶሎ እንዳያሰናብታት አስጠነቀቀኝ። ትዕቢቱንም በግራው ገጽ ጻፉት፦ «ትዕቢት ገባብኝ።»

ስድስተኛ፦ የቀኙን ገጽ ይዛችሁ ሂዱ (39ኛውና 40ኛው ቀን)

የሲዳማ ሽማግሌዎች ስለ መልካም ኑሮ ሲያስተምሩ «ሀላሌ» ይላሉ፤ እውነት፣ እውነተኛ አካሄድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በተመዘገበው በፍቼ ጨምበላላ የዘመን መለወጫ ሰዎች አዲሱን ዓመት ከመቀበላቸው በፊት የተጣሉት ይታረቃሉ። በዓሉ በሚከበርበት አደባባይ በጉዱማሌ የሚጨፈረው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ከተማ በመኖሬ ከተማርኩት ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ውስጤ ነፃ ወጣ የሚል ሰው በደጁ የበደለው ሰው ቆሞ ሳለ ሀላሌ የለውም።

ስለዚህ የቀኙን ገጽ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አንብቡ። የሰው ስም ያለባቸውን መስመሮች አስምሩባቸው። ከእነዚህ አንዱን፣ በጣም ከባዱን ሳይሆን ልትደርሱበት የምትችሉትን፣ ምረጡና በእግራችሁ ሂዱ። በስልክ አይሁን።

ስትናገሩ «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» አትበሉ። «ከሆነ» የምትለዋ ቃል ማምለጫ ናት። በቀኙ ገጽ እንደጻፋችሁት በ«ኩ» ተናገሩ፤ «እንዲህ ብዬ ሰደብኩህ፤ ይቅር በለኝ»። ታላቃችሁ ከሆነ ጋሼ ወይ እትዬ ብላችሁ፣ ቁጭ ሳትሉ ተናገሩ። የእሱን ጥፋት አታንሡ፤ እሱም የራሱ ቀኝ ገጽ አለው። ይቅር ባይላችሁም መስመሩን ሰርዙት፤ የእናንተ ወገን አልቋል።

እኔ የሄድኩት ወደ ካደኝ ደንበኛ አልነበረም። ያን ሰው ዛሬም መንገድ ላይ አየዋለሁ፣ ዛሬም ንዴት ይይዘኛል፤ በግራው ገጽ ያድራል፣ ጠዋት እንደገና እቀመጣለሁ። የሄድኩት በእነዚያ ወራት ደንበኛ ፊት ደጋግሜ ወደ ተቆጣሁት ረዳቴ ዘንድ ነው። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ቆሜ፣ «ልጄ፣ በሌላ ሰው ንዴት አንተን ተቆጣሁህ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ረስቼዋለሁ» አለኝ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሣም።

ስላልረሳ ሁለተኛ ነገርኩት።